ወንድሜ ያስረዘመው ግንብ

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዛኪር፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ አጠረ ብለህ አትቀየመኝ፤ ከዚህ የረዘመ እንድጽፍ ልቤ እሺ አላለኝም።

ስልኩን ለምን ጆሮህ ላይ እንደዘጋሁት ጠይቀሃል። የዘጋሁት አዮ በሩ ላይ ቆማ እያለቀሰች ስለነበር ነው። እኔና አንተ በስልክ ስናወራ ሁለታችንም እንጮሃለን። እናታችን አዮ ደግሞ ሁሉንም ትሰማለች፤ ልጆቼ ተጣሉ ብላ ሁለት ቀን እህል አትቀምስም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ግንቡ በስልክ አላወራህም። ዋርፋ በየሳምንቱ በከባድ መኪናው ጭነት ይዞ ወደ አንተ ይወርዳል፤ ወረቀቱን እሱ ያደርስልሃል፣ መልስህንም እሱ ያመጣልኛል። ወረቀት ላይ የፈለግከውን ያህል ጩህ፣ አዮ አታነብም።

አጋነንሽ ላልከኝ፣ አላጋነንኩም። በአፋር በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ እዚህ ሲደርስ እኔ ከፋብሪካ ገብቼ እግሬን እየታጠብኩ ነበር። መጀመሪያ ከባድ መኪና ያለፈ መሰለኝ። ከዚያ የቁም ሳጥኑ መስታወት መንቀጫቀጭ ጀመረ፣ የሳፋው ውሃ እግሬ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። አዮን ጎትቼ ጠረጴዛው ስር አስገባኋት። እሷ ግን በእጇ መሬቱን እየዳበሰች ሻሿን ትፈልጋለች። ቤት ሊወርድብን ነው እላታለሁ፣ እሷ ሻሼን አቀብዪኝ ትለኛለች።

ሲያልፍ መንደሩ በሙሉ አልጋውን ወደ ግቢ አወጣ። መውጣቱስ ጥሩ ነው። ግን አዮ አልጋዋን የት እንዳደረገችው ልንገርህ፤ ግንቡ ስር ነው። አንተ ያስረዘምከው ግንብ ስር፣ ራስጌዋን ወደ ብሎኬቱ አድርጋ። ለምን ስላት፣ ከጎረቤታችን ከጋሽ ካሣ ፎቅ የማይታየው እዚህ ጥግ ብቻ ነው አለችኝ።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጋሽ ካሣ የባቡር ጡረታቸውን ይዘው ቤታቸው ላይ ፎቅ ሲጨምሩ፣ አንተ ለዒድ መጥተህ በረንዳው ወደ ግቢያችን መዞሩን አየህና ደምህ ፈላ። አባታችን በድንጋይና በጭቃ ያቆመው አጥር ላይ ብሎኬት ደራርበህ ደራርበህ፣ ፈቃድህ ሳያልቅ ጨርሰህ ሄድክ። ደስ ብሎን ነበር፣ አልክድም። አዮ ለሰው ሁሉ ልጄ ሰወረኝ እያለች ታወራ ነበር። አሁን ግን ነገሩን ልብ በለው፤ ከሰው ዓይን የሚሰውረን ቦታና ግንቡ ሲወድቅ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ነው። እናታችን የምትተኛው እዚያ ላይ ነው።

ፋብሪካችን ውስጥ የደህንነት ኃላፊዋ፣ ማህደር የምትባለው፣ ሰብስባ አስተምራናለች። ቤት ውስጥ ከሆንሽ ጎንበስ ብለሽ ጠረጴዛ ስር ግቢ፣ ራስሽን ሸፍኚ፣ ከመስታወት ራቂ፤ ውጭ ከሆንሽ ከግንብ፣ ከመብራት እንጨትና ከሽቦ ራቂ አለችን። ይህንኑ ለአዮ ነገርኳት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፦ «ግንቡን የሠራው ልጄ ነው። ልጄ አይገድለኝም።»

እሷ የምትሰማው አንተን ብቻ ነው። አፍርሱት በል። ከአንተ የምፈልገው ይህችን አንድ ቃል ነው።

እህትህ ናዲፋ


ጅቡቲ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለናዲፋ

ወዓለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽን ዋርፋ የሰጠኝ ሥራ ላይ ነው። ፌሮ እያሰርን ነበር፤ እጄ ዝገት እንደሆነ ቆሜ አነበብኩት።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አይፈርስም።

ያን ግንብ ሌላ ሰው አልሠራውም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። እዚህ አገር ስንት ፎቅ እንዳቆምኩ ዋርፋን ጠይቂው፤ መንገዱን ሲያልፍ ያየዋል። አንቺን ፋብሪካው ሱሪ ስፊ ብሎ ቀጥሮሽ ስለ ግንብ ያስተምርሽ ጀመር። ይሁን፣ ተማሪ። እኔን ግን አታስተምሪኝ። መሬት ስትንቀጠቀጥ የበር መቃን ስር መቆም ነው፤ አባታችንም ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው፣ ምንም አልሆነም። አዮ ደግሞ ባለችበት ትተኛ። እናቴ በእርጅናዋ ግቢ መሃል ተዘርግታ የሰው መመልከቻ እንድትሆን አልፈቅድም። አባታችን ቢኖር እሱም አይፈቅድም ነበር።

ለመሆኑ ከመንደሩ ስንት ግንብ ወደቀ? አንድም የለም። ቢኖር መጀመሪያ የምትጽፊልኝ እሱን ነበር፣ አውቅሻለሁ።

ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ግንቡ ለምን እንደቆመ አንቺም ታውቂያለሽ። ያን ሰሞን የጋሽ ካሣ ልጅ ዕዝራ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሲንጎራደድ ማንን ያይ እንደነበር አልረሳሁም። አሁን የቸኮልሽው እውነት መሬት ስለተንቀጠቀጠ ነው ወይስ... ይቅር፣ አልጨርሰውም።

ለአዮ የላክሁላትን ሽርጥና የጉልበት ቅባት ከዋርፋ ተቀበዪው። ማታ ማታ ጉልበቷን እሺላት።

ወንድምሽ ዛኪር


ድሬዳዋ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛኪር፣

አላህ ሰላሙን ይስጥህ፤ እኔ ግን ዛሬ የምሰጥህ ሰላምታ የለኝም።

ያልጨረስከውን ነገር እኔ ጨርሼ አነበብኩት። አንብቤም ወረቀቱን ቡታጋዝ ላይ ላደርገው ነበር። በኋላ ግን አስቀምጠዋለሁ አልኩ፤ አንድ ቀን ሴት ልጅ ስትወልድ አነብልሃለሁ። ዕዝራ ሐዋሳ ሥራ ይዞ የሄደው ግንብህ ሳያልቅ ነው። አንተ የመጨረሻዎቹን ብሎኬቶች ስትደረድር እሱ ሻንጣውን ባጃጅ ላይ እየጫነ ነበር፣ እጁን አንስቶ ሲሰናበትህ ፊትህን አዙረህበታል። በረንዳው ላይ ይንጎራደድ የነበረውም ኔትወርክ ፍለጋ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ስልክ የሚያወራው እንደ እብድ እየተንጎራደደ መሆኑን አታውቅም? እዚያ ቤት አሁን ያሉት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እናቴ ብሎኬት ስር የምትተኛው እንግዲህ ከእኚህ ሽማግሌ ዓይን ልትሸሽ ነው።

ስለ በር መቃኑም ማህደርን ጠየቅኋት። እሱ የድሮ ወሬ ነው አለችኝ፤ መሬቱ ሲነቃነቅ በሩ ራሱ ተወርውሮ ይመታሻል፣ መቃኑም ከግድግዳው አይጠነክርም። የእኛን መቃን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ፣ በሁለት ሚስማር የተንጠለጠለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እጄ ዝገት እንደሆነ አነበብኩት አልክ። ደብዳቤዬን የያዝክባትን እጅ አሰብኳት። ለማታውቀው የጅቡቲ ነጋዴ ፌሮ ታስራለህ፣ ምሰሶ ታቆማለህ፣ ሲሚንቶውን በልኩ ታቦካለህ። ለእናትህ ግን አንድ ፌሮ አላቆምክም። አንድ! ወንበር ላይ ወጥቼ አይቼዋለሁ። ከጭቃው አጥር በላይ ያለው ሁሉ እንዲሁ የተቀመጠ ነው፣ የሚይዘው የለም። መጋጠሚያውን በሾርባ ማንኪያ ጫርኩት፤ እንደ ስኳር ረገፈ። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ደግሞ ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ መዳፌን ያስገባል። ከላይ የላላውን አንድ ብሎኬት በእጄ አንስቼ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ለዋርፋ ሰጥቼዋለሁ። አንተ ግንበኛ ነህ አይደል፤ ተቀበልና መርምረው።

አንድ ነገር ደግሞ አደረግሁ፤ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ጋሽ ካሣ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ግንቡ መሰንጠቅ አልነገርኳቸውም፤ የወንድሜን ጉድ ለጎረቤት አላወራም፣ እሱን ያህል ክብርህን ጠብቄልሃለሁ። ያልኳቸው፣ አዮ ግቢ መሃል እንድትተኛ በረንዳዎን የሚሸፍን ነገር ቢያደርጉልን ነው። አበባ ውሃ እያጠጡ ነበር። ባልዲውን አስቀምጠው «ሸራ እሰቅላለሁ ልጄ፣ ምን ቸገረኝ» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ ብሎኬት የቆለልንበት ነገር በአንድ ጥያቄ አለቀ።

አዮ ግን ዛሬም ግንቡ ስር ናት። ዛኪር ካላለ አልነሳም ትላለች።

ናዲፋ


ጅቡቲ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዲፋ፣

ብሎኬቱ ደርሷል። ዋርፋ ምሳ የምንበላበት ቦታ መጥቶ ማዳበሪያውን ሲፈታው ብሎኬት የሚባል ነገር አልነበረም፤ አሸዋ ነው ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው። ሠራተኞቼ ሁሉ አዩ። አንዱ የማን ሥራ ነው ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ! ሰው ፊት ማዋረድን ማን አስተማረሽ? መኪናው ላይ ተሰብሮ ነው ብዬሻለሁ፣ የደወሌን ኮረኮንች መንገድ አንቺ አታውቂውም።

ለረመዳን እመጣለሁ። ራሴ አወርደዋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ ግንበኛ እንዳትጠሪ፣ ለጎረቤትም እንዳታወሪ። ለአዮ አልጋዋን ወደ ግቢው መሃል፣ የኒም ዛፏ ስር እንድታደርገው ዛኪር አዟል በያት። ለምን ካለችሽ ለንፋሱ ነው በያት። ሻሿን አድርጋ ትተኛለች። አንቺም እንደዚያው።

ጋሽ ካሣ ደግሞ ሸራቸውን ይተዉልን። የእኛን ግቢ የምንሸፍነው እኛ ነን፣ የማንም ምጽዋት አንፈልግም።

ስለ ዕዝራ የጻፍኩትን ተይው።

ዛኪር


ድሬዳዋ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛኪር፣

ግንቡ ወርዷል። አዮ ደህና ናት፣ አልጋዋ መሃል ነበር። እኔም ደህና ነኝ።

ሌላ አትጠይቀኝ። በስልክም አትደውል፤ ብትደውል አላነሳም፣ አዮም አታነሳም።

ናዲፋ


ጅቡቲ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዲፋ እህቴ፣

ወረቀትሽን ገለባብጬ አየሁት፣ ጀርባው ላይም የተጻፈ ካለ ብዬ። ወርዷል ማለት ምን ማለት ነው? ማን አወረደው? አዮ ደህና ናት፣ እኔ ደህና ነኝ ብለሽ ቆምሽ። እኔ በአንቺ ቋንቋ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሁሉም ደህና ቢሆን ሁላችንም ደህና ነን ትይኝ ነበር። ዋርፋን ብጠይቀው ጎማ እየነካካ እህትህን ጠይቅ አለኝ። ዋርፋ ወሬ ሲጠፋው ያየሁት በሕይወቴ ገና አሁን ነው። እንደ ልጅ ነገር አትደብቂኝ።

ሰው ተጎድቷል? ከመንገድ ያለፈ ልጅ ነው? ንገሪኝ እንጂ፤ ፎቅ ላይ ሆኜ ሥራ ስለማበላሽ አለቃዬ ውረድ ካለኝ ሦስት ቀኔ ነው።

ለረመዳን ስመጣ ሲሚንቶና ፌሮ በዋርፋ መኪና ጭኜ ነው የምመጣው። እንደገና አቆመዋለሁ። በዚህኛው መሠረቱን ቆፍሬ፣ ምሰሶ አቁሜ፣ እንደ ሥራ አድርጌ እሠራዋለሁ፤ መሬት ተገልብጣም አይወድቅም። ይህን ለአዮ ንገሪልኝና የምትለውን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ዛኪር


ድሬዳዋ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዛኪር

አሰላሙ ዓለይኩም። ማንም አልሞተም። እሱን አስቀድሜልሃለሁ፤ አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ፣ ፎቅ ላይ ሆነህ እንዳታነበው።

ዝም ያልኩህ ጋሽ ካሣ ስለለመኑኝ ነው። አልጋ ላይ እያቃሰቱ «ለወንድምሽ አትንገሪው፣ ልጁ ከፍታ ላይ ነው የሚሠራው፣ ይደነግጣል» አሉኝ። እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ የእሳቸው ጭንቀት የአንተ እግር ነበር። ዛሬ የምጽፍልህ አዮ ስላዘዘችኝ ነው። ንገሪው፣ አንድም ነገር እንዳታስቀሪበት አለችኝ።

አዮ እንዳዘዝከው አልጋዋን ኒሟ ስር አደረገችው። ለንፋሱ ነው ብዬ ዋሸሁልህ። ነገር ግን አልተኛችም። ሻሿን አድርጋ፣ ሽርጧን እስከ አገጯ ስባ፣ ዓይኗን በቅርንጫፎቹ መሃል ከሚታየው የበረንዳ መብራት ላይ ሳትነቅል ነበር የምታድረው። ዓይኗ ቀልቶ፣ ጠዋት ጠዋት ስትንገዳገድ ጋሽ ካሣ በበሩ ሲያልፉ አይተዋት ምን ሆነሻል አሏት። እሷም ነገረቻቸው። ሸራውን ይተዉት ያልከውን መልእክት አላደረስኩም ነበር፣ ብትፈልግ ተቆጣ። በማግስቱ ከቀፊራ ገበያ ሸራ ገዝተው ሰቀሉ። ከላይ ከበረንዳው አሰሩት፤ የታችኛውን ጫፍ ንፋስ እንዳይገልጠው ግንቡ ላይ በሚስማር ሊይዙት ወረዱ።

በእሳቸው በኩል ግንቡ የተለሰነ ነው፤ ራሳቸው ናቸው ለስነው ኖራ የቀቡት። ስንጥቁ አይታያቸውም። የሚያውቁት እኔና አንተ ነበርን። ለጎረቤት እንዳታወሪ አልከኝ፣ እኔም ክብርህን ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ያን ቀን ከሰዓት ትንሽ መንቀጥቀጥ ነካ አደረገን። እኔ ፋብሪካ ነበርኩ፤ ከጎኔ ያለችው ሳሕራ እንኳ አልተሰማትም፣ መስፋቷን ቀጠለች። ለአንተ ግንብ ግን እሱም በዛበት። ከጥግ እስከ ጥግ ወደ እሳቸው በኩል፣ ሚስማሩን እየመቱ ሳለ እላያቸው ላይ ተዘረገፈ።

አዮ ቤት ውስጥ ነበረች። ድምፁን ሰምታ ወጣች። አንተን ልጇን «ያ ኢልመኮ» እያለች ትጠራ ነበር አሉኝ፤ አንተ የለህም። በፍርስራሹ ላይ በባዶ እግሯ ወጥታ ተሻገረችና ብሎኬቱን በእጇ ትወረውር ጀመር። ሰው ሲደርስ ወንዱም ሴቱም፣ የባጃጅ ነጂው ሁሉ፣ አዮን ያገኟት ፀጉሯ ተበትኖ፣ እስከ ክርኗ ኖራ ሆና፣ የጋሽ ካሣን ራስ ጉልበቷ ላይ ይዛ ነው። ሻሿን አልፈለገችም። ዛኪር፣ ሁለት ዓመት ከአንድ ሽማግሌ የደበቅካትን እናትህን መንደሩ በሙሉ ባዶ ራሷን አያት። እሷ ግን እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ስለዚህ ነገር አላነሳችም።

ጋሽ ካሣ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ዕዝራ ከሐዋሳ እስኪመጣ ምሳቸውን የምታደርሰው አዮ ሆነች። ዕዝራ መጥቶ አባቱን ሲያገላብጥ ከአንገቱ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እሱ ያፈረው እኛ ስላሳፈርነው ነው። አዮ ግን ምሳውን ማድረሷን አልተወችም።

ያን ፎቅ ወጥታ አታውቅም ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሳህኑን አስቀምጣ ሸራውን በእጇ ገለጥ አድርጋ ወደ ታች አየች። ከዚያ በረንዳው ላይ ሆና ናዲፋ፣ ናዲፋ ብላ ጠራችኝ። እኔ ኒሟ ስር ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እዚህ ነኝ ብላት የት ነሽ አለችኝ። እጄን አወዛወዝኩ። የት ነሽ አለችኝ ደግማ።

ወጥቼ አየሁት። ኒሟ ከላይ እንደ ጃንጥላ ናት፤ ቅጠል ብቻ ነው። አልጋው አይታይም፣ ገመዱ አይታይም፣ አሁን ያሰጣሁት ቀይ አንሶላ እንኳ አይታይም። እኛ ከስር መብራታቸውን በቅርንጫፍ መሃል ስለምናይ እሳቸውም የሚያዩን መሰለን።

አዮ ወደ ውስጥ ገብታ ለምን አልነገርከንም አለቻቸው። ጋሽ ካሣ እንዲህ አሏት፦ «ለልጅሽ ነገርኩት እኮ። ውጣና ራስህ እይ አልኩት። ሰው ቤት ወጥቼ እናቴን አላይም አለኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል? ሸራውን የሰቀልኩት አንቺ እንቅልፍ እንዲወስድሽ ነው እንጂ የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም።»

ይህን ለምን አልነገርከንም ዛኪር? ውጣ ተብለህ ነበር። ደረጃው አሥር እርምጃ አይሞላም። አንተ ያን ያህል ፎቅ የምትወጣ ሰው።

የአዮን መልስ ጠይቀሃል። ለረመዳን ና፣ ሲሚንቶ ይዘህ እንዳትመጣ ብላሃለች። ፌሮም አትፈልግም። በአጥሩ ቦታ ብሳና ተክላ ውሃ እያጠጣች ነው። ስትመጣም መጀመሪያ ወደ እኛ በር እንዳትገባ። በጋሽ ካሣ በር ግባ፣ እግራቸውን እይ፣ ይቅርታህን ጠይቅ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ውጣና ያን ጊዜ እምቢ ያልከውን ቁልቁል ተመልከት። አዮ ኒሟ ስር ሆና ትጠራሃለች፤ ድምፅዋን ትሰማለህ፣ እሷን ግን አታያትም።

ጋሽ ካሣን ትናንት፣ እንግዲያው እነዚያን ሁለት ዓመታት ከዚህ ሆነው ምን ያዩ ነበር አልኳቸው። የወንድምሽን ግንብ አሉኝ።

እህትህ ናዲፋ